ዋጫ ድረስ የሚመጣው ማን ነው?

አዲስ ሰርቨር ከካርቶኑ ሲወጣ የራሱ ሽታ አለው፤ የፎሙ፣ የብርማው ላስቲክ፣ ገና ሙቀት ያልነካው ብረትና ቀለም ሽታ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ የጀንፈል ቡና ሽታ ይዞ ይመጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በጆንያ ተደርድሮ የከረመ፣ እርጥበት የነካው፣ ጎምዘዝ ብሎ ልብስ ላይ የሚቀር የጀንፈል ሽታ። ሁለቱን ያገናኘብኝ ዋጫ ነው።

በቅርቡ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨር ሲፈታ ደረስኩ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች ካርቶኑን ቀድደው፣ ፎሙን ጥግ አስይዘው ክርክር ላይ ናቸው። አንዱ ለሊኑክስ ዴልን የሚያህል የለም ይላል። አንዷ ኤችፒን ትመርጣለች። ሦስተኛው ደግሞ በዋጋ ሌኖቮና ሁዋዌ ይሻላሉ ባይ ነው። ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ሚሞሪው፣ ስለ ዲስኩ ፍጥነት ብዙ ተባለ። ጥሩ ክርክር ነበር፤ ዕውቀታቸውም ደስ ይላል። እኔን ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበርና የሰማሁት ሌላ ድምፅ ነው። «ይሄ ሁሉ መልካም። ዋጫ ድረስ የሚመጣው ማን ነው?»

የጋሼ ድምፅ ነው።

ጋሼ የምንላቸው ሰው እኔም እሠራበት የነበረው የዋጫ ቡና ገበሬዎች ማኅበር የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የዋጫ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጅማ ሄደው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምረዋል። ከሸሚዛቸው ኪስ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ሰማያዊው ለሚገባ ዕቃ፣ ቀዩ ለሚወጣ። ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም። ሰርቨር እንዴት እንደሚገዛ ግን ከእሳቸው የተማርኩትን ያህል ከማንም አልተማርኩም። ይህን የምለው ከዚያ ወዲህ ብዙ የግዥ ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ፣ ብዙ ባለሙያ ሲከራከር ሰምቼ ነው። አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ዋጫ የጨና ወረዳ ከተማ ናት፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ። ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ጅማን አልፎ፣ ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ ሲገባ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዟል። ከዚያ የውሽውሽን የሻይ ማሳ አልፎ ገና ይቀጥላል። እኔ የማወራው የ2001 ዓ.ም. መንገድ ጠጠር ነው። ዝናብ ሲጥል ጠጠሩ ጭቃ ይሆናል፤ ካፋ ውስጥ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር መፈለግ ይቀላል። አንድ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ከተያዘ ከኋላው ያለው ሁሉ ወርዶ ድንጋይ ይለቅማል፣ ቅጠል ያነጥፋል። መለዋወጫ የሚባል ነገር ወደ ዋጫ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነበር።

ማኅበሩ ከገበሬው ቡና ይረከባል። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ተሸክሞ ወይም በፈረስ ጭኖ ይመጣል፤ ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጸሐፊው ስሙንና ኪሎውን ይጽፋል፤ በካርቦን የተገለበጠ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ዓመቱ ሲዘጋና ትርፍ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ባስረከበው ኪሎ ልክ ነው። ስለዚህ ያ መዝገብ የገበሬው ገንዘብ ነበር። ደረሰኙ በጎጆው ውስጥ በጭስ ይጠቁራል፤ ዝናብ ያገኘዋል፤ ልጅ ይቀድደዋል። መጨረሻ ላይ የሚታመነው ማኅበሩ ቤት ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ያንን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ ሲጀመር በቢሯችን የነበረው አንድ ዴስክቶፕ ነው። ስሞቹ በፓወር ግዕዝ ተጽፈው ነበር። ፊደሉ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የአባት ስም ከነልጁ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። በዚያ ላይ ቫይረሱ። የዚያን ዘመን ፍላሽ ዲስክ የሚያስታውስ ያውቀዋል፤ ከፎቶ ቤት ገብቶ ከወጣ፣ ከኢንተርኔት ቤት ደርሶ ከመጣ፣ ማኅደሩ ተደብቆ በቦታው በዚያው ስም ሌላ ፋይል ተቀምጦ ይጠብቃል። እሱን የነካ ሰው ቀሪውን ቀን ኮምፒውተሩን ሲያስታምም ይውላል። ጸረ ቫይረሱን ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ቦንጋ ነው፤ ቦንጋም ላይ የሚገኘው ዕድል ሲቀና ነው።

ሊኑክስን ያመጣልን ፖስታ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ፖስታ ሣጥን ላለው ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ አገር የመጣውን የካርቶን ሽፋን ስከፍት የተሰማኝን አልረሳውም። ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ ለሌላ ባባዛው ሕግ የማያስጥሰኝ ሶፍትዌር በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ዴስክቶፑ ላይ ጫንኩት። የፍላሽ ዲስኩ ቫይረስ ተራ ፋይል ሆኖ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ስለሆነ ስሞቹን አንድ በአንድ መልሰን ስንጽፋቸው በየትኛውም ማሽን ላይ እንደተጻፉ የሚነበቡ ሆኑ። ጋሼ የራሳቸውን ስም በስክሪኑ ላይ አይተው መነጽራቸውን አወለቁና ቀረብ ብለው ደግመው አነበቡት።

የጫካ ቡና ስም እየገነነ የመጣበት ጊዜ ነው፤ ካፋ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆና ከመመዝገቧ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የቡናውን ስም ተከትሎ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችም ይመጡ ነበርና ከአንዱ ፕሮጀክት ለሰርቨር መግዣ በጀት ተገኘ። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ስታብላይዘር። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ።

ፕሮፎርማዎቹ በፋክስ ቦንጋ ደርሰው፣ በሰው እጅ ዋጫ ገቡ። አንዱ የኤችፒ ፕሮላየንት ዲኤል380 ጂ5፣ ሁለተኛው የዴል ፓወርኤጅ 2950፣ ሦስተኛው የአይቢኤም ሲስተም ኤክስ3650። ለዚያ ዘመን ሦስቱም ዓለም ያወቃቸው ማሽኖች ናቸው። ሰነዳቸውን ጎን ለጎን ዘርግቼ አመሸሁ። እያነበብኩ ስሄድ የገረመኝ መመሳሰላቸው ነው። በሦስቱም ውስጥ የኢንቴል ዜዮን ፕሮሰሰር ይገባል። የኔትወርክ ቺፓቸው የሦስቱም አንድ ነው፣ የብሮድኮም ኔትኤክስትሪም 2። ለየት የሚሉት ዲስክ በሚያስተዳድረው ካርድ ነበር፤ ዴል ፐርክ ይለዋል፣ ኤችፒ ስማርት አሬይ፣ አይቢኤም ሰርቭሬይድ። ለሦስቱም ካርድ ግን ሊኑክስ ከርነሉ ውስጥ ድራይቨር አለው። ሦስቱም ሬድ ሃትና ሱሴ ተፈትነው ያለፉባቸው ናቸው። ሊኑክስን የሚወድ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ወረቀቱ የሰጠኝ መልስ ሦስቱም የሚል ነው። የዋጋቸውም ልዩነት ያን ያህል አልነበረም።

ያኔ ነው ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስልክ የሄዱት። ለሦስቱም አቅራቢዎች ደወሉ። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ዕቃው ዋጫ ላይ ቢቆም ማን ይመጣል?

የመጀመሪያው «ወደ አዲስ አበባ ይላኩልን፤ ሠርተን እንመልስልዎታለን» አለ። ጋሼ አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ሁለተኛው ዋስትናው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ባለሙያ እስከ ቦታው እንደሚልክ አስረዳ። እንዲህ ያለው ውል በመላው ዓለም የሚሸጥ ነው፤ ወረቀቱ ላይም አለ። ጋሼ በትሕትና «ዋጫ የት እንደሆነች ያውቃሉ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ወዲያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ሦስተኛው ሰው ድምፁ የጎልማሳ ነው። «ጌታዬ፣ እኔ ዋጫ ድረስ ሰው እልካለሁ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ግን የሚበላሸውን አውቀዋለሁ። ፓወር ሰፕላይ ይበላሻል፣ ዲስክ ይበላሻል፣ ማራገቢያ ይበላሻል። የሦስተኛውን ዓመት ዋስትና ይተዉትና በእሱ ገንዘብ እነዚህን አብረው ይግዙ፤ እዚያው ይቆልፉባቸው» አላቸው።

ጋሼ ስልኩን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «የሚመጣው ይሄ ነው» አሉ።

ያ አቅራቢ የያዘው ፓወርኤጅ 2950ን ነበር፤ ስለዚህ የዋጫ ሰርቨር ዴል ሆነ። ኤችፒ ይዞ ቢሆን ኖሮ ኤችፒ ይሆን ነበር። ይህን ለወጣቶቹ ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የማምነው ይህንኑ ነው። የማሽኑን ሆድ የሚሞሉት ቺፖች ከተመሳሳይ ፋብሪካ ሲመጡ፣ ገዢው የሚመርጠው ከፊት የተለጠፈውን ስም አይደለም፤ እውነቱን የሚነግረውን ሰውና መለዋወጫው የሚመጣበትን መንገድ ነው። ከስፔሲፊኬሽን ወረቀት ላይ ለዚህ የተተወ መስመር አይቼ አላውቅም።

ዲስኩን በተመለከተ አቅራቢው ሳስ የሚባለውን፣ በደቂቃ 15,000 ዙር የሚሽከረከረውን ዓይነት መክሮን ነበር። ፈጣን ነው፣ ጠንካራም ነው። ግን ሳስ ዲስክ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሰካም። ሳታ ዲስክ ግን ይሰካል፤ ዋጫ ውስጥ ባለ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ። ለገበሬ ስምና ለኪሎ መዝገብ ፍጥነቱ አያስፈልገንም ነበርና ሳታ ይሁን አልን። ከዚያም ሁለቱን ዲስኮች የማጣመሩን ሥራ ለፐርክ ካርዱ ሳይሆን ለራሱ ለሊኑክስ ሰጠነው። ካርዱ ሲያጣምራቸው በራሱ አሠራር የራሱን ምልክት ያኖርባቸዋል፤ ካርዱ የሞተ ቀን ያንኑ ዓይነት ካርድ ፍለጋ መውጣት ይመጣል። ሊኑክስ ያጣመራቸውን ግን ሊኑክስ ያለበት የማንም ማሽን ያነባቸዋል። የእኔ ድርሻ ይህ ነበር፤ ጋሼም ሲገባቸው ደስ አላቸው። ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ የማግኘት ያህል ቆጠሩት።

ማሽኑ የደረሰው ቡና በሚገባበት ሰሞን ነው። ሌላ ክፍል ስላልነበረ ከመጋዘኑ ጥግ በጣውላ በተከለለች ክፍል ውስጥ ተፈታ። ሽታው ከሽታው ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። ጋሼ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክረው፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አውጥተው መዘገቡት። ከጀርባው ላይ ያለችውን ሰባት ፊደልና ቁጥር የያዘች የዴል መለያ ለብቻዋ በትልቁ ጻፏት። በኋላ በስልክ ዕርዳታ በጠየቅን ቁጥር የምትጠየቀው እሷ ናት።

ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያዎቹ ባላቸው ኃይል ሁሉ ጮኹ፤ ክፍሏ ወፍጮ ቤት ሆነች። የሚዛኑ ተራ ላይ የቆሙ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው በጣውላው ክፍተት አዩ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ወረደና ረጋ። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ፣ ሌኒ የተሰኘው ዕትሙ፣ ያን የካቲት ነው የወጣው፤ ሲዲውን አስገባሁ። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። የኔትወርክ ካርዱ ፈርምዌር የለኝም፣ በሌላ ዲስክ አምጣልኝ አለ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ዴቢያን ምንጭ ኮዱ ያልተገለጠን ሶፍትዌር ከዋናው ስብስቡ አውጥቶ ለብቻው ያኖራል፤ የብሮድኮም ፈርምዌር ደግሞ ከዚያ ወገን ነው። መርሁን አከብራለሁ፤ ዛሬም አከብረዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን የምትፈለገው ፋይል ከአንድ ፎቶግራፍ የምታንስ ሆና ሳለ ያለችው ኢንተርኔት ላይ ነው። አዲስ አበባ ወዳለ ጓደኛዬ ደወልኩ። ፋይሏን አውርዶ ፍላሽ ዲስክ ላይ አደረጋት፣ ፍላሹን በፖስታ አሸገው፣ ፖስታውን ለጅማ አውቶቡስ ረዳት ሰጠው። ከጅማ ሌላ ረዳት ተቀብሎ ቦንጋ አደረሰው። ከቦንጋ ደግሞ ሻይ ቅጠል ጭኖ የተመለሰ ሹፌር። ፖስታው ላይ የጓደኛዬ ጽሕፈት «አደራ» ይላል። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድም ቀን ሳያሳድሩት ዋጫ ገባ። ለዚያ አደራ የከፈልነው የለም፤ ረዳቶቹም የሚከፈል ነገር አድርገው አላዩትም።

ዴቢያን 12 በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ እነዚህን ፈርምዌሮች ከመጫኛው ጋር አብሮ ማቅረብ ጀመረ። አባላቱ ድምፅ ሰጥተውበት ነው። ዜናውን ያነበብኩት አዲስ አበባ በስልኬ ላይ ነበር፤ በሐሳቤ የሄድኩት ግን ወደዚያ የታሸገ ፖስታ ነው።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣቶቹ ሲከራከሩ ማንም ያላነሳው ስለሆነ። ዋጫ ላይ መብራት የሚጠፋበት ቀን ቀላሉ ነው፤ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ጄኔሬተር ይነሳል። ከባዱ መብራቱ የሚደክምበት ቀን ነው። አምፖሉ ቀልቶ ይቀራል፤ የዴስክቶፑ ስክሪን ይጠፋል፤ ስታብላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ዴስክቶፑ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው፤ ከሁለት አንዱን ብቻ ያውቃል። የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት የመጣለትን ተቀብሎ ይሠራል፤ ያውም ሁለት ናቸው፣ አንዱ ቢቆም አንዱ ይሸከማል። አንዱን ከዩፒኤሱ፣ አንዱን ከስታብላይዘሩ ሰክተን ነበር። ቢሮው በሙሉ በጨለመበት ስንት ጊዜ ያች ትንሽ አረንጓዴ መብራት ስትበራ አይቻለሁ። ከብዙ ኮር በፊት ይህን አስቀድማለሁ።

አንድ ክረምት አንደኛው ፓወር ሰፕላይ ሞተ። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከጆንያዎቹ ጀርባ ካለው ሳጥን፣ በሁለት ድርብ ላስቲክ የተጠቀለለውን አወጡ፤ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዙ፣ «ወጪ» ብለው ጻፉ፤ ሰጡኝ። ማሽኑ ሳይጠፋ ተተካ። የጎጀብ መንገድ ያን ሳምንት በናዳ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሞቹ ሁሉ ተለዋውጠዋል። አይቢኤም የእነ ኤክስ3650ን ወገን በ2007 ዓ.ም. ለሌኖቮ ሸጦ ወጣ። ኤችፒ በ2008 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ ሰርቨሩ ኤችፒኢ ወደሚባለው ሄደ። ከዚያ በፊት፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም.፣ የፕሮላየንት ሲስተም ሮም ማሻሻያ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ላላቸው ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ያን ውሳኔ ስሰማ ያሰብኩት የዋጫን ዓይነት ቦታ ነው። ሰርቨር እንደኛ ባለ አገር ዋስትናው ካለቀ በኋላ ዕድሜ ልኩን ይሠራል፤ ማሻሻያው ከውል ጋር ከታሰረ ገዢው በማሽኑ ሁለተኛ ሕይወት ላይ ብቻውን ነው። ለሊኑክስ ብለው ብቻ ሰርቨር የሚሠሩም ነበሩ። ቪኤ ሊኑክስ በኅዳር መጨረሻ 1992 ዓ.ም. አክሲዮኑን ሲያወጣ 30 ዶላር የተባለው በዚያው ቀን ከ239 ዶላር በላይ ዘጋ፤ በሰኔ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ሰርቨር መሥራቱን ተወ። በስሙ ሊኑክስ ያለበት ሻጭ ከዚያ የአክሲዮን ቀን በኋላ ሰርቨር ሲሠራ የቆየው ከሁለት ዓመት ያነሰ ነው፤ ሊኑክሱ ግን አለ። ሻጭን ሳስብ ይህ ታሪክ ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ዲስኮቹን በሻጩ ካርድ ያላሰርነው ለዚህም ነው።

ዋጫ ዛሬ ሌላ ናት። መንገዱ አስፋልት ለብሷል። ገበሬው ገንዘቡን በስልኩ ይቀበላል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህም የአዲስ ክልል መቀመጫ ናት። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ ያከራያል። ስለዚህ ከወጣቶቹ አንዷ «ዛሬ ቢሆን ሰርቨር ዋጫ ላይ ይገዙ ነበር?» ስትለኝ መልሱን አላጣሁም። የሪፖርቱንና የመጠባበቂያውን ቅጂ አዲስ አበባ አስቀምጣለሁ። ሚዛኑ አጠገብ ያለው መዝገብ ግን ሚዛኑ አጠገብ ይኑር እላለሁ። መስመር በተቋረጠ ቀን ቡና መረከብ አይቆምም፤ ገበሬው ሸክሙን ይዞ መጥቷል።

ዋጋውም ያው አይደለም። ያኔ ዶላር ከ11 ብር ብዙም አይርቅም ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ አብሮ መግዛት ያኔ ጥንቃቄ ከነበረ ዛሬ የግድ ነው፤ የዛሬ ዓመት ያው ዲስክ በስንት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የመንግሥት ግዥ የምርት ስም ጠቅሶ ጨረታ ማውጣትን አይፈቅድም፤ ቢጠቀስ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» ይባላል። ብዙዎች በዚህ ይማረራሉ፤ እኔ ደግሞ ዕድል ይመስለኛል። ስም መጻፍ ከቀረ ቁም ነገሩን መጻፍ ይቻላል፦ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ፤ ፈርምዌሩ ያለ ውል የሚወርድ፤ ፓወር ሰፕላዩ ሁለት የሆነ፤ ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ የሚነበብ፤ ዝርዝሩ የተጻፈ መለዋወጫ ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን የሚረከብ። ለልጅቷ ይህን ነገርኳት፤ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ቀጥላም እንዲህ ዓይነት መስመር ያለበት የጨረታ ሰነድ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። አዝኜ ሰማኋት።

የዋጫው 2950 ብዙ ዓመት ሠርቶ አንድ ጠዋት ዋናው ቦርዱ ተቃጠለ። ቦርድ ከጋሼ ሳጥን ውስጥ አልነበረም፤ ማንም ቦርድ ገዝቶ አያስቀምጥም። በማግስቱ የትርፍ ክፍፍል ነው። ገበሬው ከየቀበሌው ጥሪ ደርሶታል፤ ከሩቅ የሚመጡት ጉዞ ጀምረዋል።

አንደኛውን ዲስክ ከመያዣው ፈታሁት፤ አራት ትናንሽ ብሎን ነው። የጸሐፊውን ዴስክቶፕ ከፍቼ ሰካሁት። ዴቢያን ተነሳ። ጓደኛህ የት ሄደ ብሎ ስለ ሌላው ዲስክ አስጠነቀቀ፤ በአንዱ ግን ቀጠለ። ኔትወርኩ አልሠራ አለ። ሲታይ ለካ ሲስተሙ የድሮውን ካርድ መለያ ከነስሙ ይዞት ኖሯል፤ ኢቲኤች0 እና ኢቲኤች1 የሚሉትን ስሞች ለሌሉት ካርዶች ጠብቆ አዲሱን ኢቲኤች2 ብሎታል። አንድ ፋይል ውስጥ ያሉትን የካርድ መስመሮች ሰርዤ እንደገና አስነሳሁት። ፕሪንተሩ መለሰ። ጋሼ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ «ወጪ የለም?» አሉ። የለም አልኳቸው።

በማግስቱ ሜዳው ከማለዳ ሞላ። ጋሼ ስም ይጠራሉ፣ እኔ ከስክሪኑ ኪሎውን አነባለሁ፣ ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል። ከሰዓት ላይ አንድ አዛውንት መጡ። ደረሰኝ አልያዙም። ድምራቸውን ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዝናቡ የጣለ ቀን ያመጣሁትስ? ሚዛኑን በላስቲክ ሸፍናችሁ የመዘናችሁልኝ?»

ቀኑን አያውቁትም። በስማቸው ያለውን ሁሉ አውጥቼ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። በሌላ ገጽ ላይ፣ ጸሐፊው በችኮላ የአያታቸውን ስም ጭምር ጽፎት፣ 17 ኪሎ ጀንፈል ተቀምጧል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አዎ፣ አሥራ ሰባት ነው» አሉና ወደ ገንዘብ ያዡ ዞሩ። «እሱንም ጨምርልኝ።»

ድምሩ ታረመ፤ ገንዘቡ እንደገና ተቆጠረ፤ ጋሼም ተከታዩን ስም ጠሩ።